ጥያቄ አሥራ ሰባት፦ ሽቦ አለ ወይስ የለም?

ሃያ ሁለት ዓመት ስልክና ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝ። ጣቶቼ ላይ ካለው የመበየጃ ጠባሳ ይልቅ ወረቀት ይታመናልና፣ ዘንድሮ ጠጋኝ ሁሉ ተፈትኖ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ፈቃድ ያላገኘ ለአንድ ዓመት ካቻቢቴ አይነካም፤ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የደንበኛ ስም ይጽፋል።

ፈተናው አርባ ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው ሠላሳ። ከእኔ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ባለቤቴ ልክ ሠላሳ አምጥቶ አለፈ። እኔ ሃያ ዘጠኝ። የጣለኝ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ነው፦ «በዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ሽቦ የለም። እውነት ወይስ ሐሰት?» ሐሰት አልኩ። መልሱ «እውነት» ነው አሉኝ።

«የፈተናው መጽሐፍ ላይ ያለውን ጻፊ ብዬሽ ነበር» አለ ባለቤቴ፣ የአንድ ደንበኛ ማዳመጫ ውስጥ የተበጠሰች ሽቦ በወረንጦ ይዞ።

«አሁን በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ይሄ ሥራ ነው። ያ ፈተና ነው።»

ጨጓራዬን ላጠው። የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእኔው ጉድ ግን የያዘውን መዳብ ጭራሽ የለም ብሎ ጽፎ አለፈ። ካቻቢቴዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ፈታኙን ሁላችንም «ገጽ አርባ» ነው የምንለው፤ ምንም ቢጠይቁት መጽሐፍ ገልጦ ገጽ ይጠራል። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ቢሮው በር ላይ አስቆመኝ። ስገባ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ገጽ አርባን ይመልከቱ» አለኝ። «ድሮ የዕቃው ክፍሎች በሽቦ ይገናኙ ነበር። ዛሬ ቦርድ ላይ በታተመ መስመር ይገናኛሉ። ስለዚህ ሽቦ የለም።»

«የመስመሩስ ነገር እውነት ነው፣ ጌታዬ። አብዛኛውን ሽቦ ቦርዱ ተክቶታል። ሁሉንም ግን አልተካም! እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ።»

«ይሰብሩብኛል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ሰጠኝ።

ጀርባውን ፈታሁና አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። «ሲደወልልዎ ስልኩን የሚያንቀጠቅጠው ሞተር ይኸውልዎ። ከሱ የወጡት ቀይና ሰማያዊ ምንድን ናቸው? የጫማ ክር?»

«እነሱማ... በጣም ቀጫጭን ናቸው።»

«ቀጭን ሰው ሰው አይደለም?» አልኩት። ራሱ ንፋስ የሚወስደው ዓይነት ነው።

መጽሐፉን ወደ ፊት ገለጠ፣ ወደ ኋላ ገለጠ። ስለ ሞተር የሚጠራው ገጽ አጣ። በመጨረሻ ተንፍሶ «እሺ፣ ቅሬታዎን ጽፈው ይፈርሙ። መልሱ ይስተካከላል» አለኝ። እስክሪብቶውን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ከደስታዬ ብዛት ቅሬታዬን ጻፍኩት ከማለት በረርኩበት ማለት ይቀላል።

«የሚስተካከለው ለሁሉም ተፈታኝ ነው» ሲል ጨመረ። «‹እውነት› ብሎ የመለሰ ሁሉ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል።»

እጄ ወረቀቱ ላይ ቀረ። እኔ ሠላሳ ልገባ ነው፤ የባለቤቴ ግን ሠላሳ ሲቀነስ አንድ። ንዴት ዓይኔን ጋርዶት ይህን ለአፍታም አላሰብኩትም ነበር።

«ይተዉታል እንዴ?» አለኝ፣ ተስፋ እያደረገ።

ባለቤቴ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሰው ስም ሲጽፍ ታየኝና አንጀቴን በላኝ። ቀጥሎ ራሴ እዚያው ቆሜ ታየኝ፣ ያለውን አለ በማለቴ። ስልኩን ገጠምኩለት። ከዚያ ፈረምኩ።

ሱቅ ስደርስ ባለቤቴ የፈቃድ ሰርተፍኬቱን በፍሬም አድርጎ ከጠረጴዛችን በላይ ሰቅሎታል። ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያቺኑ የማዳመጫ ሽቦ ይበይዳል።

«ምን አሉሽ?»

«አለ አሉ።»

«ምኑ?»

«ሽቦው። ለሁሉም ሰው አለ።»

ሒሳብ ላይ ፈጣን ነው። ወረንጦው አየር ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ።

«እኔ እኮ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«እሱ አይደል እንዴ እኔን ያሳረረኝ!» ብዬ ጮህኩበት። እንባዬም አብሮ መጣ።

«በል» አልኩት፣ «የያዝካትን በይደህ ጨርስና አውርደው። ምስማሩን ግን ተወው።»