የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ

የሻረግና ታላቅ ወንድሟ አዝመራው ዳንግላ አጠገብ አባታቸው በተወላቸው ርስት ስድስት ዓመት ተካሰዋል። እሷ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ሴት ናት። ወረዳው ለእሱ ፈረደ፤ አውራጃውም ለእሱ ፈረደ። እሷ ይግባኝ ብላ አዲስ አበባ ድረስ ሄደች። በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ለዓርብ ጧት ተቀጠረች። ይግባኝ ባይ ከቀረ መዝገቡ እንደሚዘጋ ጸሐፊው ደጋግሞ ነገራት።

ከዳንግላ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ሦስት ቀን ነው። የሻረግ አራት ጊዜ ተመላልሳበታለች። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ስንቋን ይዛ ወደ መሳፈሪያው ወጣች።

አዝመራው እዚያ ቆሞ ጠበቃት። አጠገቡ የሁለቱም የንስሐ አባት ቄስ አድማሴ ነበሩ።

«እህቴ፣ ሰለቸኝ» አላት። «የአንድ እናት ልጆች ነን። ወንዝ ዳሩን አንቺ ውሰጂ፤ ላይኛውን እኔ ልያዝ።»

«ቀጠሮውስ?»

«ሁለታችንም ከቀረን ማን ይሟገታል? ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ። ዛሬ ያልተነሣ ሰው ለዓርብ ይደርሳል?»

እውነቱን መሰላት። ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ከፍርድ እርቅ ይሻላል፣ ልጄ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር።

አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ።

አዝመራው በግ አረደ። በማግስቱ ወንዝ ዳር ወርደው ድንበር ለዩ፤ ትልቁን ድንጋይ ራሱ ተሸክሞ ተከለው። የሻረግ አለቀሰች፤ ስድስት ዓመት ስለተናገረችው ክፉ ቃል ሁሉ ይቅር በለኝ ብላ ጉልበቱን ሳመች። እሱም አነሣትና ግንባሯን ሳማት።

በዚያው ረቡዕ ከቀትር በኋላ አዝመራው በጭነት መኪና ባሕር ዳር ገባ። ሚስቱ ይታይሽ «ጨው ሊገዛ ነው» አለቻት። የሻረግም «በሰላም ይመልሰው» አለች።

ለአውሮፕላኑ ትኬት የእርሻ በሬውን ሸጦ ነበር። ሐሙስ ጧት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል አዲስ አበባ ደረሰ። ዓርብ ችሎቱ ሲጠራው «አቤት» አለ። የሻረግ ሦስት ጊዜ ተጠራች። መዝገቡ ተዘጋ።

እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ መዝገቡ የተዘጋበትን ወረቀት ይዞ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቃት።

«መቼ ሄድህ? በየትስ በኩል?»

«በአየር ነዋ። አንቺ ሦስት ቀን የምትንገላቺበት መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።»

«በግ አርደህ አብልተኸኝ?»

«ሌላ በምን ትቀሪልኝ ነበር?»

ቄስ አድማሴ ቀረብ ብለው «እግዚአብሔር ያያል፣ አዝመራው» አሉ።

«ይይ፣ አባ። ወረቀቱን ግን ዳኛው ፈርሞታል።»

የሻረግ በዚያው ሳምንት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወጣች። ጸሐፊው ለምን እንደቀረች ጠየቃት።

«ታርቀን ነበር።»

«የእርቁ ወረቀት የታለ?»

ወረቀት አልነበራትም። ስትመለስ አዝመራው የእሷንም ድርሻ አርሶት አገኘች። ጎጆዋን ለቃ ቆሰበር ከተማ አክስቷ ዘንድ ተጠጋች፤ ለሰው ጥጥ እየፈተለች ኖረች።

ከሁሉ ያንገበገባት የአገሩ ሰው ነው። የሚያወግዘው ቀርቶ፣ አዝመራው ጠጅ ቤት ሲገባ ቦታ እየለቀቁ ያስቀምጡት ነበር። ክስ ያለበት ሁሉ ጠጋ ብሎ ትኬቱ የት እንደሚቆረጥ ይጠይቀዋል። እሱም ሳይሰስት ያስረዳል።