ዜሮ የተባለው ጠርሙስ

1.

«አልፈርምም።»

2.

አልፈርምም ያለችው ጥሩአየር ናት። ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ፣ ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል፣ ሥራዋ ሐይቁ ዳር ባለው ላቦራቶሪ ጠርሙስ ማጠብ። የቀረበላት ሦስተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ከሦስተኛው በኋላ አራተኛ የለም፤ ስንብት ነው።

3. ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው

አልጌ ይሏታል። አንዷን ለብቻዋ ዓይን አያያትም፤ ሚሊዮን ሆና ስትሰበሰብ ግን ውሃውን የጎመን ውሃ ታስመስለዋለች። ብርሃን በልታ ታድራለች። ተማሪዋ ራድያ መዳብ እየለካች ትጨምርባታለች።

ጥቂት መዳብ፦ ትፈዛለች።

ብዙ መዳብ፦ መባዛት ታቆማለች፣ ትገረጣለች፣ ግርጌ ትዘቅጣለች።

ዜሮ መዳብ፦ አረንጓዴ መሆን አለባት። የሌሎቹ ጉዳት የሚለካው በእሷ ነው።

ዜሮዎቹ ገረጡ።

ሦስት ጊዜ።

4. አስተጣጠብ

ጓንት አጥልቂ። ጠርሙሱን አሲድ ውስጥ አሳድሪው። በተጣራ ውሃ አለቅልቂው። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ይላል፤ አንቺ ሰባት ጊዜ። ቁጥሩ እንዳይጠፋሽ ቀን ጥሪ፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ… እሑድ ሳትደርሺ ሰው ካናገረሽ እንደገና ከሰኞ ጀምሪ። ዶክተርም ቢሆን።

5. ስብሰባው ላይ የተባለው (ስድስት ሰው ፊት)

ዶክተር ጌትዬ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ፦ ጠርሙሱ ላይ መዳብ እየቀረ ነው። የዚች ልጅ የስምንት ወር ልፋት ገደል ገባ።

ጥሩአየር፦ የኔ ጠርሙስ ንጹሕ ነው።

ዶክተር ጌትዬ፦ ታዲያ አልጌዋ ናት ውሸታሟ?

ጥሩአየር፦ እሷማ ምን አፍ አላት! መዳብ አገኘችና ገረጣች። ከየት እንደመጣ ይፈለግ ነው የምለው።

ዶክተር ጌትዬ፦ አሁን ደግሞ ተመራማሪ ሆኑ?

(ሳቅ።)

ዶክተር ጌትዬ፦ እስከ ሰኞ ይፈርሙ። ባይፈርሙም ደብዳቤው ይሄዳል።

6.

ሳቁን ሳልጽፍ ልተወው ነበር። ግን ጥሩአየርን ያንገበገባት ደብዳቤው አይደለም፤ እሱ ነው። ስለዚህ ይቆይ።

7.

በማግስቱ ማለዳ ጥሩአየር የራድያን እጅ ቆማ አየች። ራድያ ከተጣራው ውሃ ታንክ ስትቀዳ ሁልጊዜ ዜሮዎቹን ታስቀድማለች፤ ደንቡ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ ነው። መዳብ የሚገባባቸው ጠርሙሶች ኋላ ይሞላሉ።

«ልጄ፣ ከዚህ ታንክ የቀኑን የመጀመሪያ ውሃ የሚጠጡት እነማን ናቸው?»

«ዜሮዎቹ ናቸዋ፣ እትዬ።»

«እኛ ሰፈር በቧንቧ ያደረ ውሃ አይጠጣም። ለእግር መታጠቢያ ነው።»

«ይሄኮ የተጣራ ነው!»

«ቧንቧውስ ተጣርቷል?»

የታንኩ ፕላስቲክ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከርሞ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ዶክተር ጌትዬ ራሱ የሚያብረቀርቅ የነሐስ ቧንቧ ገዝቶ በእጁ ገጠመ። ተጨበጨበለት። ጥሩአየርም አጨብጭባለች፤ አልደብቅም።

ራድያ አፏን በእጇ ያዘች። «እትዬ፣ የነሐስ አብዛኛው መዳብ ነው።»

8. የጥሩአየር ሙከራ

ስምንት ጠርሙስ። ሁሉንም ያጠበቻቸው እሷው። አራቱ ላይ የማለዳውን የመጀመሪያ ውሃ። አንድ ባልዲ አፈሰሰችና በቀሩት አራቱ ላይ ከዚያ በኋላ የመጣውን። ራድያ በሁሉም ላይ እኩል አልጌ ጨመረች። መዳብ የነካ ሰው የለም።

ቀን አንድ፦ እኩል።

ቀን ሁለት፦ እኩል። ራድያ ጥፍሯን በላች።

ቀን ሦስት፦ የማለዳዎቹ ፈዘዙ።

ቀን አራት፦

አረንጓዴ          ገርጣጣ

9. ሰኞ፣ ኮሪደር ላይ

ዶክተር ጌትዬ ስምንቱን ጠርሙሶች ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አይቶ ወጣ።

«በቃ፣ ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ። ቧንቧውም ዛሬ ይነቀላል። ይለፍ።»

«አይለፍም።»

«ምን ቀረ ታዲያ?»

«ሳቁ ቀረ። ስድስት ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ። ስድስቱን ይጥሩና ፊታቸው ይቅርታ ይጠይቁኝ።»

«ተማሪዎቼ ፊት?»

«ተማሪ የሚማረው ያኔ ነው።»

«እምቢ ብልስ?»

«ቆሜ እጠብቃለኋ። ጠርሙሱም ሳይታጠብ ይቆማል።»

10. ስብሰባው ላይ የተባለው (ስድስት ሰው ፊት)

ጥሩአየር፦ ሁሉም መጥቷል። ይናገሩ።

ዶክተር ጌትዬ፦ ጠርሙሱ ንጹሕ ነበር፤ መዳቡ የመጣው እኔ ከገጠምኩት ቧንቧ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።