ስልኩን ማን ይያዘው

ሰፈሩ ሁሉ «ኦፕሬተሯ» ይላታል። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ፣ ደዋዩ ገና «ሃሎ» ሲል ማን እንደሆነና እንዴት እንደዋለ ትለይ ነበር። ዓይኖቿን በልጅነቷ ኩፍኝ ወስዶባታል። ከማየት ዘመኗ የቀሯት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የእናቷ ቀይ ሻርፕ፣ አንድ የተሰነጠቀ በር፣ እና አንድ ምሽት አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ያየችው በኮከብ የተጨናነቀ ሰማይ።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። የተዋወቁት የማዞሪያውን ክፍል ሊቀባ የመጣ ጊዜ ነው። «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብትለው፣ እንደሌላው ሰው «ምን ያደርግልሻል?» አላለም። ብሩሹን አስቀምጦ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያስረዳት የሻይ ሰዓት አለፈበት። ከተጋቡ በኋላም ልማዳቸው ይኸው ሆነ። ሲመሽ እጁን በጋዝ አሽቶ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ የቤታቸው ደፍ ላይ አብረው ይቀመጡና ሰማዩን ይነግራታል። የኮከብ ስም የሚባል አያውቅም። «ያቺ ከውሃ ታንከሩ በላይ ያለችው መጥታለች፤ ዛሬ ደግሞ ማን እንዳስቆጣት እንጃ፣ ትንቀጠቀጣለች» ይላል። እሷ ትስቃለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረጋ። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ ምላሱ ታሰረ። ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈችው አንዲት ቃል ናት፦ «እንዴ»። ሲጠማው «እንዴ»፣ ሲያመው «እንዴ»፣ ጨው ሲበዛበት «እንዴ»። ኦፕሬተሯ ዕድሜ ለሥራዋ፣ የጥሙን ከሕመሙ ትለያለች። ግን አንዲት «እንዴ» ሰማይን የሚያህል ነገር አትሸከምም። እሱ ቢጠቁም እሷ አታይ፤ እሷ ብትጠይቅ እሱ አይመልስ። ደፉ ላይ መቀመጡ ቀስ በቀስ ቀረ። እሷም ሳይታወቃት ለመጣ ለሄደው ሁሉ ስለ እሱ መመለስ ጀመረች፦ «ደህና ነው። በልቷል። ደክሞታል።»

በዚህ መሃል የባሏ ታላቅ ወንድም ነገሩን ቆረጠው። ቤቱ ሰፊ ነው፤ የሚያግዙ ልጆችም አሉት። «እሁድ መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ» አላት። «አይክፋሽ እንጂ፣ ዕውር ዕውርን ቢመራ…» ብሎ ጀመረና ራሱ ደንግጦ ዋጠው። እሷም «ለእሱ የሚሻለው ከሆነ እንግዲህ» አለች። ይህ ሁሉ ሲባል ቀለም ቀቢው እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። የጠየቀው ሰው የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእህቷ ልጅ አዲስ ስማርት ስልክ ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ ይኼ ያናግርሻል። ጣትሽን ስታንሸራትቺ ያነብልሻል፤ ስትፈልጊው ሁለቴ መታ መታ። ብቻሽን ስትሆኚ ለእኔ መደወያ ነው።»

«ብቻሽን» የምትለዋ ቃል ክፍሉ ውስጥ ቆማ ቀረች።

ኦፕሬተሯ ግን እጇ ከዱሮም ለቁልፍ ነው፤ ሻይ ሳይፈላ ለምዳው አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ጋ ደውላ ጨረሰች። ከዚያ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ሰማይ የሚናገር አለው?» አለች።

«የአየር ጠባይ?»

«አይደለም። ኮከብ። ከዋክብትን የሚናገር።»

ልጅቷ የአክስቷን ፊት አየት አደረገችና መፈለግ ጀመረች። የመጀመሪያው አፕ ሥዕሉ ሲያዩት ያፈዛል አሉ፤ ለኦፕሬተሯ ግን ጣቷ የነካውን ሁሉ «ስም የሌለው ቁልፍ፣ ስም የሌለው ቁልፍ» ከማለት በቀር አንድ ነገር አልነገራትም። «ይኼ እኔን አያውቀኝም፣ አጥፊው» አለች። ሁለተኛው ይናገራል፤ ግን ገና «ጨረቃ» ብሎ ሳይጨርስ የጫማ ማስታወቂያ ይለቃል። «እዚያም ድረስ ነጋዴ ወጥቷል እንዴ?» ብላ እሱንም አስጠፋችው።

ሦስተኛው መጀመሪያ ስልኩን በአየር ላይ እንደ ስምንት ቁጥር አሽከርክሩልኝ አለ። አሽከረከረችለት። ከዚያ ወደ ኮርኒሱ ስትቀስረው፣ በተረጋጋ የሴት ድምፅ «ሳተርን» አለ።

ኦፕሬተሯ ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ሌላ ስም ጠራ። ወደ ቁም ሳጥኑ፤ ሌላ። ፊቷ በራ። ቀጥሎ ክንዷ ደከመና ስልኩ ወደ ወለሉ አዘነበለ። «ማርስ» አለ ድምፁ።

«ከወለሉ በታች?»

«አዎ አክስቴ፣ ከምድር በታች ያለውንም ይናገራል። ቀንም ሆነ ደመና አያግደውም። ጎበዝ ነው እኮ!»

የኦፕሬተሯ ፊት ደመነ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይኼ ያየውን አይደለም የሚናገረው፤ የሸመደደውን ነው። አንድ ሰው ቀና ብሎ ያየውን ነበር የፈለግሁት። አጥፊው።»

«አክስቴ፣ ይኼን ያህል ደክመን…»

«እንዴ» አለ ቀለም ቀቢው።

የጥም አልነበረም፤ የሕመምም አልነበረም። ኦፕሬተሯ ጆሮዋን ቀሰረች። እንዲህ ያለውን «እንዴ» ከታመመ ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

«ምን እያደረገ ነው?»

«ግራ እጃቸውን ዘርግተዋል። ወደ ስልኩ መሰለኝ።»

«ስጪው።»

ተቀብሎ ጥቂት አገላበጠው። ወደዚህ ሲቀስር አንድ ስም፣ ወደዚያ ሲቀስር ሌላ ስም። ከዚያ በሩን በአገጩ አመለከተ። ልጅቷ ደግፋ አወጣችውና ደፉ ላይ አስቀመጠችው፤ ኦፕሬተሯም ግድግዳውን ዳብሳ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ጀምበር ጠልቃ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ጀምሯል። ከታች መንገድ ላይ አንድ ሰው የብረት በር እየጎተተ ሱቁን ይዘጋል።

ቀለም ቀቢው ስልኩን አነሳና ቀስ እያለ አዞረው። «ጁፒተር» አለ ድምፁ። እሱ ዝም ብሎ አለፈው።

«አሁን የጠራው ይታያል?» አለች ኦፕሬተሯ በሹክሹክታ።

«አይታይም። የጎረቤት ጣሪያ ከልሎታል።»

እጁ መጓዙን ቀጠለ። አንድ ስም፣ ሌላ ስም፤ ሁሉንም በዝምታ አለፋቸው። ከዚያ ቆመ። «ቬነስ» አለ ስልኩ።

«እንዴ» አለ ቀለም ቀቢው።

«ይቺስ?»

የልጅቷ ድምፅ ተለወጠ። «ይቺ ትታያለች አክስቴ። ሰማዩ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት።»

ኦፕሬተሯ እጇን ሰዳ የባሏን ክንድ አገኘችና፣ ከትከሻው ጀምራ ስልኩን እስከያዘው አንጓው ድረስ ተከተለችው፤ ወዴት እንደሚያመለክት በመዳፏ ለካችው። ስሙን ስልኩ ይጠራል፤ ያየውን ግን እሱ ነው የሚለየው። ሰማዩ እየጠቆረ ሲሄድ «እንዴ»ዎቹ በዙ። በመጨረሻ ክንዱ ዛለና አወረደው። እሷ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። የተቋረጠ መስመር ነው ብላ የነቀለችው ገመድ ላይ፣ ሰውየው ይህን ሁሉ ጊዜ ሃሎ ሃሎ ሲል ኖሯል።

ስለ ነገው ልትጠይቀው ፈለገች። «መሄድ ትፈልጋለህ ወይ?» የሚለውን ግን ሳታወጣው ተወችው። መልሱን ፈራችው፤ አሁን መልስ እንዳለው አውቃለችና።

እሁድ ረፋድ ወንድምየው መጣ። የባሏ የልብስ ሻንጣ ታስሮ፣ እሱ ከተቀመጠበት አልጋ ጫፍ ላይ ከጎኑ ተደርጓል።

«መጀመሪያ ይጠየቅ» አለች ኦፕሬተሯ።

«ምን ብሎ ሊመልስ? እንዴ ሊል?» አለ ወንድምየው፤ በድካም እንጂ በክፋት አልነበረም።

«አጠያየቁን ለእኔ ተውልኝ።» ቁልቁል ተንበርክካ የባሏን ግራ እጅ በእጇ ያዘች። ድምጿ የሥራ ድምጿ ሆነ፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል። «ወንድምህ ሊወስድህ መጥቷል። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሰው አለ፤ አትቸገርም። መሄድ ከፈለግህ እጄን ልቀቀው። አልቀየምህም። መቅረት ከፈለግህ እንደያዝከኝ ቆይ።»

ለቀቃት።

ኦፕሬተሯ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። አልቀየምህም ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ለመነሳት ጉልበቷን ስታበረታ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። ሻንጣው ነው። ወዲያው ያው ግራ እጅ ተመልሶ መጣና ጣቶቿን እስኪያማት ጨመቃቸው። ለካ አንድ እጅ ብቻ የቀረው ሰው ሻንጣ ገፍቶ ለመጣል ያንኑ እጅ ማስለቀቅ አለበት።

የወንድምየው ወንበር ሲጢጥ አለ።

«ይሰማል ማለት ነው?»

«ድሮም ይሰማል።»

«እኔ እኮ ፊቱ ተቀምጬ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ሸክም ነው ብያለሁ። እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ።»

ኦፕሬተሯ የይቅርታውን ነገር በባሏ ፈንታ አልመለሰችም። ወንድማማቾቹ እርስ በርሳቸው ይጨርሱት ብላ ሻይ ልትጥድ ወጣች።

በሳምንቱ ወንድምየው አናጢ ይዞ መጥቶ ከአልጋው እስከ ደፉ የእጅ መደገፊያ አስመታ። ቀለም ቀቢው ያንን እየያዘ ብቻውን መውጣት ለመደ፤ ሰባት ስምንት እርምጃ ለመሄድ ብዙ እያረፈ፣ እያላበው። ምላሱ አልተፈታም። ሐኪሙም አይፈታም ብሏል። አንዳንድ ምሽት ስልኩን ይዞ ይወጣና ስሞች ሁሉ ተጠርተው ሲያልፉ አንዴም ሳይተነፍስ ይቀራል። ያኔ እሷ «ደመና ነው አይደል?» ትለዋለች። ደመና ያልሆነበት ቀንም አለ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ እሱ ብቻ የሚከፋው። ያንን ቀን አትጠይቀውም። ሻርፗን ትከሻው ላይ ጣል ታደርግለትና፣ አብረው እስኪበርዳቸው ይቀመጣሉ።