ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ

ሐኪሙ «በየቀኑ አርባ ደቂቃ ይራመዱ» ብሎ ያዘዘው ጋሽ መሪን እንጂ ሚስቱን አልነበረም። ጋሽ መሪ ግን ብቻውን ከወጣ ጥግ ላይ ካለው ጎማ ቤት ወንበር ስቦ ቁጭ እንደሚል ሐኪሙ ባያውቅም ሚስቱ ታውቃለች። ስለዚህ ትእዛዙ ለእሱ፣ ሥራው ለእሷ ሆነ።

«ጋሽ መሪ» ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሲያወራ ሁለት እጆቹን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ አየር ላይ የሆነ ነገር ያዞራል። ወሬው ወደ ግራ ሲታጠፍ እጁም ወደ ግራ ይታጠፋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በስልሳ ስምንት ዓመቷም ሳሎኑ መስኮት ሥር ባለችው የስፌት መኪናዋ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተበላሸ ዚፕ ትቀይራለች። ጡረታ የሚባል ነገር እሷ ቤት በር ደርሶ አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄዱ ባልየው ቆመ።

«ምነው? ደከመህ?»

«ፌርማታ ነው።»

«ምን?»

«እዚህ ጋ ፌርማታ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆሜበታለሁ። በኋላ ነው ወደዚያ ያዛወሩት። ያዛወረው ሰውዬ ደግሞ አውቶቡስ ነድቶ አያውቅም፤ ቢያውቅማ ዳገት ላይ ፌርማታ አይተክልም ነበር።»

«ኧረ በፈጠረህ፣ ተሳፋሪ የለህም እኮ! ሂድ!»

ሄደ። ቀጥሎ የነበረው ፌርማታ ጋ ሲደርስ እንደገና ቆመ። መሻገሪያ ላይ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ የታጠፈ መኪና ሲያይ መሀል መንገድ ገብቶ «ፍሬቻ! ፍሬቻህን ሸጥከው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ባለመኪናው አንገቱን አውጥቶ መለሰለት። ጋሽ መሪም መልሱን መለሰለት። ሚስቱ እጅጌውን ይዛ እስክትጎትተው ድረስ ሁለቱ ስለ መንገድ ሥርዓት ረጅም ውይይት አደረጉ። የአርባ ደቂቃው ጉዞ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቤት ገቡ። ልብስ ሰፊዋን ያልተቀመቀሙ አሥራ አንድ ቀሚሶች መኪናዋ ላይ ተከምረው ጠበቋት።

ለስኳሩ የታዘዘለት ክኒንማ ሌላ ጣጣ ነበር። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ሰባት ክፍል ያላት፣ በየክፍሏ የቀን ስም የተጻፈባት የመድኃኒት ሣጥን ገዝታለት ነበር። ጋሽ መሪ ግን ማክሰኞ ዕለት የሰኞውን ይውጣል፣ «ትናንት ተርፎኝ ነው» ይላል። አንድ ቀን ደግሞ የሐሙሱንና የዓርቡን አንድ ላይ ሊውጥ ሲል እጁ ላይ ያዘችው።

«ነገ ብዙ ሥራ ስላለብኝ አስቀድሜ ልገላገለው ብዬ ነው» አለ።

«ነገ ምን ሥራ አለብህ?»

የዓርቡን ክኒን ወደ ሣጥኑ መለሰ።

ከሁሉም በላይ ግን ልቧን ውልቅ ያደረገው የኮቱ ነገር ነው። የድሮው የሾፌርነት ኮቱ ገበሩ ተተርትሮ ልትጠግነው አገላብጣ ብትይዘው፣ ከገበሩና ከጨርቁ መሀል ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር ሰማች። በመቀስ ከፈት ብታደርገው ሐኪሙ የከለከለው ብስኩት ነው። አንድ አይደለም፤ ግማሽ ፓኮ ከነፍርፋሪው። ኪሱ ተቀዶ እያሾለከ ለካ ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሙሉ የበላውን በልቶ የቀረውን ለኮቱ ሲያበላው ኖሯል። ብስኩቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ጠራችው። ጋሽ መሪ መጥቶ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ የድሮ ነው።»

«ጡረታ ከወጣህ ስድስት ዓመትህ ነው። የስድስት ዓመት ብስኩት ነው እንዲህ የሚሰበረው?» ብላ አንዱን ቀሽ አድርጋ ሰበረችለት።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተሰማው እንጃ፣ አፍሮም ይሆናል፣ ብስኩቱን ተወ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ብቻውን መራመድ ጀመረ። የድሮ መስመሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ በእግሩ እየዞረ፣ የሚያውቃቸውን ባለሱቆች ሰላም እያለ ይመለሳል። ልብስ ሰፊዋም ተመስገን ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ጠዋት የተቀመጠች ለምሳ እንኳ ሳትነሣ፣ ዳቦዋን ከክርና ከጠመኔ ጎን አስቀምጣ እየገመጠች ትውላለች።

ሦስት ወር ሲሞላ ለምርመራ ወሰደችው። ስኳሩ ወርዶ ነበር። ክብደቱም ቀንሷል። ጋሽ መሪ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ልክ እንደ ሽልማት ተቀባይ ደረቱን ነፋ። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ከእጁ ላይ እየፈታች ወደ ሚስቱ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎስ መቼ ነው የተለኩት?»

«እኔ አልታመምኩም ልጄ። እኔ አስታማሚ ነኝ።»

«ይሁና፣ እስቲ እጅዎን ያምጡ። እንዲያው እግረ መንገድዎን።»

ነርሷ ለካች። የሌላኛውን እጅ ጠየቀችና እንደገና ለካች። ከዚያ ሐኪሙን ጠራችው። መቶ ሰማንያ በዘጠና ስምንት።

«በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» አላት ሐኪሙ።

«እኔ አልቀመጥም። እሠራለሁ።»

«ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«ቆመው ነው የሚሰፉት?»

ደሟ ፈላ። «ዶክተር፣ ይሄንን ሰውዬ ሦስት ወር ያስታመመ ሰው ግፊት ባይዘው ነው የሚገርመው!»

«ሊሆን ይችላል እናቴ» አለ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፤ «ክኒኑ ግን ለእርስዎ ነው የሚታዘዘው።»

ባሏ የሚስቅባት መስሏት ቀና ብላ አየችው። አልሳቀም። የራሱን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ነርሷ የጻፈችውን ቁጥር ትክ ብሎ ያያል። ይህ ከሳቅ የባሰ አናደዳት።

በማግሥቱ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ አደረ። የጨው ዕቃው ከቦታው የለም። ከመኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ፣ ጋሽ መሪ በትልልቅ ፊደል የጻፈበት ካርቶን ተለጥፏል፦ «መነሻ ሁለት ሰዓት ተኩል። መነሻ ሦስት ሰዓት ከሩብ። መነሻ አራት ሰዓት።» እያለ እስከ ማታ ይወርዳል። በየአርባ አምስት ደቂቃው ከመቀመጫዋ ተነሥታ ግቢውን መዞር አለባት ማለት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ከጓዳ ብቅ ይልና ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ፊሽካ ይነፋል።

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም?»

«ሰዓት ነው። ሦስት ደቂቃ አርፍደሻል።»

«እጅጌ እየገጠምኩ ነው! እጅጌ መሀል ላይ ይቆማል?»

«አውቶቡስም መሀል ላይ ይቆማል። ፌርማታ ከሆነ ይቆማል።»

ክኒኗን ስትውጥ አጠገቧ ቆሞ አፏን ያያል። ሾርባዋን ሳትቀምስ እሱ ይቀምስላታል። ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ቀድሞ አንሥቶ፣ «ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነው የተነሣችው፤ ሁለተኛውም በግድ ነው» ብሎ ያሳብቃል። ልጂቱም በበኩሏ «እማዬ፣ አባዬ የሚልሽን ስሚ እንጂ» ትላለች። እናትየው ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን አየችው። ይህ ሰውዬ የብስኩት ሌባ የነበረው እኮ ገና የዛሬ ሦስት ወር ነው። አሁን ተነሥቶ የጤና ሚኒስትር ሆነ።

በሁለተኛው ሳምንት የመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራ መጣ። ሠላሳ ትንንሽ ሽርጦች፣ ኪስ ያላቸው፣ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ የሚረከቡ። ልብስ ሰፊዋ ከጠዋቱ ጀምራ ተፋፍማ ሃያ ሁለተኛው ላይ ደረሰች። ፊሽካው ተነፋ፤ አልሰማችም። እንደገና ተነፋ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የሃያ ሦስተኛውን ሽርጥ ኪስ ዙሪያ እየሰፋች ሳለ መኪናዋ ድንገት ቀጥ አለች። ጨርቁን ሳብ ብታደርገው መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ዞር አለች። ጋሽ መሪ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቅሎ በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ስጠራሽ አልሰማ ስላልሽ ነው» አለ፣ ድምፁ ግን አነስ ብሎ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ተነሣች። የተሰበረውን መርፌ ከጨርቁ ነቀለችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሠላሳ አራት ዓመት አንተ ከተማ ስትዞር እኔ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን ተነሺ ያለኝ የለም። ምሳህን ስቋጥር፣ ሸሚዝህን ስተኩስ፣ ልጅህን ሳሳድግ ደህና ነበርኩ። ዛሬ ነው ወገቤ ትዝ ያለህ? ዛሬ? ሽርጦቹ ሊረከቡ ሲሉ?»

መልስ ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ ወጣች።

የት እንደምትሄድ አላወቀችም። ዳቦ ቤቱን አለፈች፣ ብረታ ብረት ቤቱን አለፈች፣ ድልድዩንም ተሻገረች። በየእርምጃዋ አንድ አንድ ነገር ለራሷ ትናገራለች፤ የረሳችው የሃያ ዓመት ቅሬታ ሁሉ ተሰልፎ መጣላት። ሰው ዞር ብሎ ሲያያት አየችው፤ ግድ አልሰጣትም። ቁና ቁና እየተነፈሰች ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ጋ ስትደርስ ነው እግሯን ያየችው። የቤት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ነው የወጣችው። ተረከዟ ተልጧል።

ቁጭ አለች። ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ የመብራት እንጨት አጠገብ፣ ባሏን አየችው። ላብ በላብ ሆኗል። በአንድ እጁ ፌስታል አንጠልጥሏል። ለመሻገር አንድ እርምጃ ይጀምርና ፊቷን አይቶ ይመልሰዋል። ይህን ያህል መንገድ አንድ ቦታ ሳይቆም መከተሉ ገረማት፤ መገረሟ ደግሞ አናደዳት።

«ና እንግዲህ!» ብላ ጮኸች። «ዕድሜ ልክህን እዚያ ትቆማለህ?»

ተሻግሮ መጣና ፌስታሉን ጭኗ ላይ አደረገላት። ውስጡ ሸራ ጫማዋና ካልሲዎቿ አሉ። ከጎኗ ሳይሆን ከወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ጫማዋን ቀይራ ስትጨርስ ወደ መንገዱ እያየ ተናገረ።

«የእኔን ስኳር ሲነግሩኝ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ይደረጋል አልኩ። የአንቺን ቁጥር ስሰማ ግን ፈራሁ። አንቺ አንድ ነገር ትሆኛለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም።»

«ታዲያ ይሄን በአፍህ መናገር አቅቶህ ነው በፊሽካ የምታሳብደኝ?»

«መናገሩን አልችልበትም።»

«አሁን ቻልክ አይደል?»

«አሁን ስለሮጥኩ ነው» አለ፣ አሁንም እያለከለከ።

ሳቋ ሊመጣ ሲል ከንፈሯን ነከሰች። በዚህ ሰዓት መሳቅ ሁሉንም ነገር ይቅር ማለት ይመስልባታል። ገና ይቅር አላለችውም።

«ስማኝ» አለችው። «ፊሽካ የለም። ሶኬቱን አትነካም። ካርቶኑን ዛሬውኑ ታነሣለህ። ክኒኔን እውጣለሁ፣ ጨውም እቀንሳለሁ፣ ተነሥቼም እራመዳለሁ። ግን እኔ በፈለግሁት ሰዓት።»

«ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ልንፋ?»

«አትነፋም።»

ለመመለስ ሲነሡ ጎን ለጎን ጀመሩ። እሷ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፤ እሱ አንድ የሚያውቀው በር ጋ ይቆማል። ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ በዚያኛው በኩል ሂድ፣ እኔ በዚህኛው» አለችው። እሱም ሳይከራከር ተሻገረ። አስፋልቱን መሀል አድርገው፣ እሷ ፊት ፊት፣ እሱ ከማዶ ወደ ኋላ ቀረት እያለ፣ ቤታቸው ደረሱ። የቀሩትን ሽርጦች በማግሥቱ ጠዋት ጨርሳ አስረከበች። የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ «ቀደም ብለው መጡ» አለቻት እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀቻትም።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ተለመደ። ከወር በኋላ ግፊቷ ወደ መቶ ሃምሳ ወረደ። ሐኪሙ «ጥሩ ነው፣ ግን ገና ነው» ሲላት፣ «ምን አለበት አንድ ቀን እንኳ ጥሩ ነው ብለህ ዝም ብትል!» ብላ ተነጫነጨችበት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። እናቷ በዚህ በኩል አንገቷን ቀና አድርጋ ትገሠግሣለች፤ አባቷ በዚያ በኩል ከአንድ ባለሱቅ ጋር ተጨባብጦ ይለያል። ልጅቷ ክው ብላ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ! ምን ሆናችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም። እየተራመድን ነው።»

«እና ለምንድን ነው ወዲያና ወዲህ የሆናችሁት?»

«አብረን መራመድ ስለማንችል ነዋ» አለች እናትየው፣ ፍጥነቷን ሳትቀንስ።

«እኔስ በየት በኩል ልሂድ ታዲያ?»

እናቷ ቁልቁል የልጇን ባለ ተረከዝ ጫማ አየችና፣ «በዚህ ጫማሽ ከእኔ ጋር አትችይም» አለቻት። ልጅቷ ግራና ቀኝ አይታ ወደ አባቷ ተሻገረች። እናትየውም አልጠበቀቻቸውም።