ወረዳው የላካት ልጅ

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ጋሼ ሙናዊር ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰዓደትን በረንዳው ላይ አቁመው ነገሯት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር የተናገሩትን መድገም ነበረባቸው።

«ወረዳው ለክረምት ሠራተኛ መድቦልኛል። ልጅቷ ዛሬ ትመጣለች። ደሞዟ አራት ሺህ ነው፤ ሦስቱን መንግሥት ይችላል። ከኔ ኪስ የሚወጣው አንድ ሺህ ብቻ ነው።»

«ደግ ነው ጋሼ። እጅ አንሶን ነበር» አለች ሰዓደት። እውነቷን ነው። ብርድ ልብስና ጃንጥላ በጅምላ ለሚሸጥ ሱቅ ክረምት ማለት መርካቶ በሙሉ ደጁ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ነው።

«እንግዲህ ይህን ወር አስተምሪያት። ከዚያ በኋላ አንቺ እስከ መስከረም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

«ማረፍ ማለት?»

«ማረፍ ነዋ! ቤትሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መቼ አረፍሽ?»

«ደሞዜስ?»

ጋሼ ሙናዊር ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጎንበስ አሉና የብረቱን መዝጊያ ሽቅብ ገፉት።

ሰዓደት ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ስትመጣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አውቶቡስ ተራ ወርዳ በሦስተኛው ቀን እዚህ ሱቅ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከዒድ በስተቀር የቀረችበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል። የክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ስልኳን ያውቃሉ። ከጅማ ደውለው «ሰዓደት፣ እንደ ባለፈው አድርገሽ ላኪልኝ» ካሉ ሌላ ወሬ አያስፈልግም። የሥራ ውል ግን ፈርማ አታውቅም። ጋሼ ሙናዊር «አንቺ ቤተሰብ ነሽ» ይሏታል፤ ቤተሰብ ደግሞ አይፈራረምም።

ልጅቷ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ዱንያ ትባላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ከኮልፌ። ጫማዋ ረጥቧል። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስገባችውን ወረቀት ግን አንዲት ጠብታ አልነካውም። አውጥታ ለጋሼ ሙናዊር ሰጠቻቸው። ሰዓደት በትከሻቸው አሻግራ አየችው። ስም አለበት፣ ደሞዝ አለበት፣ ሰማያዊ ማኅተም አለበት። ለአንድ ክረምት የመጣች ልጅ ውል አላት።

«እትዬ ሰዓደት እርስዎ ነዎት? ከርስዎ ትማሪያለሽ ብለውኛል» አለች ዱንያ እየሳቀች።

«መጥረጊያው ከጀርባሽ ነው» አለቻት ሰዓደት።

በመጀመሪያው ሳምንት የሰጠቻት ሥራ ያ ብቻ ነበር። መጥረግ፣ የብርድ ልብሱን እስር ማንሳት፣ እስሩን ማውረድ፣ ውሃ የገባበትን ካርቶን መለየት። ዱንያ ስትጠይቃት እንዳልሰማች ትሆናለች። ደንበኛ ፊት ስትሳሳት ድምጿን ከፍ አድርጋ ታርማታለች። ምሳ ሰዓት ዱንያ ያመጣችውን ፓስታ በምሳ ዕቃዋ ክዳን ከፍላ ስታቀርብላት «በልቻለሁ» አለቻት፤ አልበላችም ነበር። ማታ ቤቷ ስትገባ አንዳንዴ ታፍራለች። ጠዋት ልጅቷን በር ላይ ቆማ ስታያት እፍረቱ ይጠፋና ቁጭቱ ይመለሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ሙናዊር ተቆጡ። «ይቺ ልጅ እስካሁን ዋጋ አታውቅም እንዴ? በነሐሴ እኔ ብቻዬን ልሸጥ ነው?»

ስለዚህ ሰዓደት አስተማረቻት። በሱቁ ውስጥ በየእስሩ ላይ ቁራጭ ካርቶን ተሰፍቷል። ካርቶኑ ላይ ዋጋው ደንበኛ እንዳያውቀው በፊደል ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ቁጥር ምትክ ነው። ላይኛው መስመር ዕቃው የተገዛበት ነው። ታችኛው መስመር ደግሞ የመጨረሻው መሸጫ ነው፤ ከዚያ በታች አይሸጥም።

ፊደሎቹን በትክክል ነገረቻት። መስመሮቹን ግን ገለበጠቻቸው።

«በታችኛው ትጀምሪያለሽ። ደንበኛው ከጨቀጨቀሽ እስከ ላይኛው መውረድ ትችያለሽ።»

ዱንያ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ሰዓደት ስትጽፍ አየቻት፤ «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ወደ ውስጥ ገብታ የተጣጠፈውን እንደገና ማጣጠፍ ጀመረች።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የደሴ ነጋዴ መጣ። ሰዓደት የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ለመስገድ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ተሸካሚው የመጨረሻውን እስር እያወጣ ነው፤ ዱንያ ፊቷ በርቷል።

«እትዬ ሰዓደት፣ አርባ ብርድ ልብስ ሸጥኩ! ሲከራከረኝ ጉድ ነው፤ እስከ ላይኛው ድረስ አወረደኝ።»

ማታ ጋሼ ሙናዊር ሒሳቡን ሲያዩ ጩኸታቸው ጎረቤት ሱቅ ድረስ ተሰማ። በአንዱ ብርድ ልብስ መቶ ሃምሳ፣ በአርባው ስድስት ሺህ ብር ትርፍ ቀርቷል። «በገዛሁበት ሸጠሽልኝ! መንግሥት የላከልኝ ሠራተኛ ነሽ ወይስ ቅጣት?»

ዱንያ መዳፏን አየች፤ ከዚያም ሰዓደትን አየቻት። ሰዓደት ክር እየጠቀለለች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስተማረሽ?» አሉ ጋሼ ሙናዊር።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው ከደሞዝሽ ይነሳል። ወረዳው የወሩን ሦስት ሺህ ባንክሽ ሲያስገባልሽ አውጥተሽ ታመጭልኛለሽ። የኔንም አንድ ሺህ አታገኚም። አይሆንም ካልሽ ደግሞ ለወረዳው ሌባ ናት ብዬ እጽፍልሻለሁ።»

ዱንያ ማልቀስ የጀመረችው መጋዘን ገብታ ነው። ሰዓደት ጃንጥላ ለማውጣት ስትገባ ልጅቷ እምባዋን ጠርጋ ብድግ አለች።

«አውቀሽ ነው» አለቻት። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምትላት። «አውቀሽ ነው ያሳሳትሽኝ።»

«ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ።»

«ምን አደረግኩሽ? ያ ብር የኮሌጅ መመዝገቢያዬ ነው!»

«ምን አደረግኩሽ ትላለች ደግሞ!» ሰዓደት ጃንጥላዎቹን ጣለቻቸው። «ወሩ ሲያልቅ እኔ እወጣለሁ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። አልነገሩሽም? አንቺ ርካሽ ነሽ፣ እኔ ውድ ነኝ። ይኸው ነው።»

ዱንያ አልሰማችም ነበር። ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ግን አላዘነችላትም። «ታዲያ እሱን ለእሳቸው አትናገሪም ነበር?» አለቻትና ገፍታት ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። ዱንያ ብሩ የገባላት ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን ነው። አውጥታ አመጣች፤ ጋሼ ሙናዊር ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ሰዓደት እያየች ብርድ ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች።

በሠላሳው፣ ሰዓደት የመጨረሻ ቀኗን ስትሠራ፣ ከወረዳው ተቆጣጣሪ መጡ። ወይዘሮ አስናቀች የሚባሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ የቸኮሉ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ጃንጥላቸውን ደጅ አራግፈው ገቡና ፎርማቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። ልጅቷ በሰዓቱ ትገባለች? ሥራ እየለመደች ነው? ጋሼ ሙናዊር ወንበር አቀረቡ፣ ለስላሳ አስመጡ፣ ልጅቷን አሞገሱ።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አሉ ወይዘሮ አስናቀች። «ድጎማው ለአዲስ ሥራ ነው እንጂ ነባሩን በአዲስ ለመተካት አይደለም። ያሰናበቱት ወይም የሚያሰናብቱት ሠራተኛ አለ?»

«ወላሂ የለም! ከድሮም ብቻዬን ነኝ የምሠራው።»

«እኚህስ?» ወደ ሰዓደት ጠቆሙ።

«ዘመዴ ናት። ከወሎ ልትጠይቀን መጥታ ነው።»

ወይዘሮ አስናቀች ወደ ሰዓደት ዞሩ። «እውነት ነው እህቴ? እዚህ አይሠሩም?»

ሰዓደት የጋሼ ሙናዊርን ዓይን አየች። ዓይናቸው መስከረምን ያስታውሳታል፤ ዝም ካልሽ ትመለሻለሽ ይላታል። የቤት ኪራይዋን አሰበች፣ ሐይቅ ሆና እጇን የምትጠብቅ እናቷን አሰበች።

«አልሠራም። እንግዳ ነኝ» አለች።

አሥራ አንድ ዓመቷን በገዛ አፏ እንዳልነበረ አደረገችው። ወይዘሮ አስናቀች እስክሪብቷቸውን አነሱ።

«ውሸቷን ነው» አለች ዱንያ።

ሦስቱም ዞር አሉ። ልጅቷ ከጥቅሎቹ መሃል ወጥታ ቆማለች።

«አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው፤ በኔ ነው የተኳት። መንግሥት የከፈለኝን ሦስት ሺህም ወስደውብኛል። ከትናንት ወዲያ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ የባንኩን መልእክት ላሳይዎት እችላለሁ።»

ለሰዓደት አዝና እንዳልተናገረች ሰዓደት ራሷ ታውቃለች። ልጅቷ ሁለቱንም ባንድ ላይ ልታጋልጥ ነው የተናገረችው። ስልኳን ስትዘረጋ አንድ ጊዜ እንኳ አላየቻትም።

ወይዘሮ አስናቀች መልእክቱን አንብበው ጻፉ። ብዙ ጻፉ። ለስላሳውን ሳይነኩት ሄዱ።

ጃንጥላቸው ከመንገዱ ሲጠፋ ሙናዊር የሁለቱንም ቦርሳ አንስቶ ደጅ ጭቃው ላይ ወረወረው። «ከሐዲዎች! ተማክራችሁ ነው ያጋለጣችሁኝ። የሁለታችሁንም እግር እዚህ እንዳላይ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓደት ስሙን ያለ ጋሼ ነው የምትጠራው።

«አፍሽን ብትዘጊ ኖሮ እመለስ ነበር» አለቻት ለዱንያ፣ ቦርሳዋን ከጭቃው እያነሳች።

«አንቺ አፍሽን ብትከፍቺ ኖሮ እኔም ብሬን አላጣም ነበር።»

ነሐሴን ሰዓደት ሥራ ስትፈልግ ከረመች። በመሃሉ አንዲት ጎረቤቷ ለሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ክስ አቅርቢ፣ የስንብት ክፍያ አለሽ አለቻት። አቀረበች። ጽሕፈት ቤቱ ማስረጃ ጠየቃት። ውል የለም፤ ደሞዝ በእጅ ነው የሚከፈለው። ጎረቤት ሱቆች ለምስክርነት አፋቸውን አልከፈቱም፤ ነገ ከሙናዊር ጋር ዕቃ ይቀባበላሉ። ሥራዋን አይታ ለመመስከር የምትችለው አንዲት ሰው ብቻ ቀረች።

ዱንያን ወረዳው ወደ ሌላ ሱቅ አዛውሯት ነበር፤ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጫማ ትሸጣለች። ሰዓደት ሁለት ጊዜ ሄዳ ከደጅ ተመለሰች። በሦስተኛው ገባች።

«ምስክር ሁኚልኝ» አለቻት።

ዱንያ የያዘችውን ጫማ መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠች። «እሆናለሁ። መጀመሪያ ግን አንቺ እዚያ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብለሽ ያንን የካርቶኑን ነገር ትናገሪያለሽ። ወይዘሮ አስናቀች ፊት። እስካሁን ፎርሜ ላይ ስድስት ሺህ ብር ያከሰረች ተብሎ ተጽፏል።»

«ብናገር ሙናዊር ኪሳራውን በኔ ላይ ያደርገዋል።»

«ያድርገዋ። በኔ ላይ አድርጎት የለ?»

ሰዓደት ደጁን አየች። ሰው በዝናቡ ውስጥ ይጋፋል። «እሺ» አለች።

ተናገረች። በጠባቧ ቢሮ ውስጥ፣ ሙናዊር ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ወይዘሮ አስናቀችም ተጠርተው፣ መስመሮቹን አውቃ እንደገለበጠች አንድ በአንድ ተናገረች። ሙናዊር ከወንበሩ ተነሳ። «ሰማችሁ? አጥፊዋ ራሷ ናት! ከስንብቷ ይነሳልኝ!»

«እንግዳ ናት ብለውኝ አልነበረም?» አሉት ወይዘሮ አስናቀች። «እንግዳ ደግሞ ሠራተኛ ያስተምራል?»

ሙናዊር መልሶ ተቀመጠ።

ዱንያ ከዚያ መሰከረች። የሰዓደትን የመግቢያ ሰዓት፣ የምትሸጠውን፣ ከጅማ የሚደወልላትን፣ ሁሉንም። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሙናዊር ታረቀ። ለሰዓደት ሕግ ከሚሰጣት ግማሹን ከፈላት፤ የቀረውን «ስድስት ሺህ አክስራኛለች» ብሎ ተከራክሮ በእርቁ አስቀረው። ለመሟገት አቅም ስላልነበራት ፈረመች። የዱንያን ሦስት ሺህ ግን ወይዘሮ አስናቀች እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቆጠሩት፤ ፎርሟም ተስተካከለ።

ሁለቱ አብረው ወጡ፤ መንገዳቸው እስከ ራጉኤል አንድ ስለሆነ እንጂ ተጠባብቀው አይደለም። ዝናቡ አባርቷል፤ ጎርፉ ግን መንገዱን እንደሞላው ነው።

«ይቅርታ አልጠየቅሽኝም» አለች ዱንያ ሳትቆም።

«አልጠየቅኩሽም። ቦታዬን ወስደሽብኝ ነበር።»

ዱንያ ቆመች። «እኔ ነኝ የወሰድኩት?»

ሰዓደትም ቆመች።

«አይደለሽም» አለች።

ዱንያ ይቅርታውን ሳታገኝ ጎርፉን ዘልላ ወደ ጫማ ሱቁ ሄደች። ሰዓደትም በሌላኛው በኩል፣ ሠራተኛ ይፈልጋሉ የተባሉ መጋረጃ ሻጮች ወዳሉበት ሕንፃ ጉዞዋን ቀጠለች።