ያልተዘመረው ግማሽ

ትዕዛዙ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። "አርብ እንግዶች አሉብን። ብሔራዊ መዝሙሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልዘመረች ቅዳሜ ለግጥሚያ ብሉምፎንቴን ከተማ አትሄድም፤ ከቡድኑ ውጪ ናት!" አለች ቅርጫት ኳስ የሚመስለው የሴቶች ጨዋታ፣ የኔትቦል፣ አሠልጣኟ ቲቸር ስትራይዶም። ዓይኗ አስራ አንዱን ልጆች ዘሎ ዲማካጾ ላይ አረፈ። በቡድኑ ጥቁር እሷ ብቻ ናት! ግብ የምታስቆጥረውም እሷው።

ቅዳሜ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተጫዋች የሚመርጡት መራጮች ይመጣሉ። ከመረጧት አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ከምትኖርበት አቧራማ ሰፈር መውጫ በሯ ቅዳሜ ነች።

መዝሙሩ ደግሞ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ የተጣጣፈ ነው፤ መጀመሪያው በጥቁሮቹ ቋንቋዎች፣ ቀጥሎ በነጮቹ ቋንቋ በአፍሪካንስ፣ መጨረሻው በእንግሊዝኛ። ነጭና ጥቁር ታረቀ ከተባለ አራት ዓመት ቢሆነውም፣ ጥቁሮቹ ሲዘምሩ ነጮቹ ጫማቸውን ያያሉ፤ ነጮቹ ሲዘምሩ ጥቁሮቹ የጣሪያ ቆርቆሮ ይቆጥራሉ።

ዲማካጾ አፍሪካንሱን ጠፍቷት አይደለም። ግን ከእርቁ በፊት ፖሊሶች አጎቷን ሲገርፉ ጅራፉን የቆጠሩት በዚያ ቋንቋ ነው። አጎቷ ዛሬም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም።

"አትዘምሪም አይደል?" አለቻት አምበሏ ማርሊዝ፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ። "ቦታሽን እኔ ነኝ የምይዘው።"

"ያዢው። ኳሷ ቀለበቱ ውስጥ እንዴት እንደምትገባ ግን የሚነግርሽ ሰው ፈልጊ።"

"አፍሽን ዝጊ!"

"አርብ እሱን አይደል የማደርገው?"

አርብ ጠዋት እናቷ ሸሚዟን እየተኮሰች፣ "ዘምሪውና ሂጂ ልጄ፣ ቃል አይገድልም" አለቻት።

"አጎቴን ጠይቂው" ብላ ወጣች።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ተማሪው ተሰልፎ እንግዶቹ ፊት፣ ፒያኖው ጀመረ። ዲማካጾ በእናቷ ቋንቋ የሴሶቶውን ክፍል እየዘመረች ቀና ስትል፣ ቲቸር ስትራይዶም ከፊት ቆማ የልጆቹን አፍ ትቃኛለች። የራሷ ከንፈር ግን እንደ ተቆለፈ ሳጥን ግጥም ብሏል። አንዲት ቃል እንኳ አልወጣትም! ሃምሳ ዓመት ከሴሶቶ ተናጋሪዎች ጋር ኖራ "ደህና አደርሽ"ንም አልተማረች።

ፒያኖው ወደ አፍሪካንሱ ሊሻገር ሲል ዲማካጾ እጇን አነሳች።

"ቲቸር፣ እርስዎም ቅዳሜ አይሄዱም ማለት ነው?"

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ያልዘመረች ውጪ ናት ብለው አልነበር? አፍዎን ሳየው ነበር።"

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የቲቸሯ ፊት ቲማቲም መሰለ።

"ውጪ! ከሰልፉም ከቡድኑም ውጪ!"

ዲማካጾ ከሸሚዟ በላይ የደረበችውን የቡድኑን ሰደርያ አውልቃ ቲቸሯ እግር ስር ጣለችው። ሁሉም ጫማቸውን አዩ፤ ጥቁሮቹም ጭምር።

በሩ ጋ ስትደርስ ፒያኖው ቀጠለ፤ አፍሪካንሱ ተጀመረ። ዞር አለች። ዓይኗን ቲቸሯ ላይ ተክላ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ፣ አንድ ቃል ሳትስት ዘመረችው። ሰልፉ አንድ በአንድ ዝም አለ፤ በመጨረሻ እሷ ብቻ ቀረች።

"ስታዘዝ ነው የሚያቅተኝ!" አለችና በሩን ድርግም አድርጋው ወጣች።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ያለ እሷ ሄደ። አርባ ሁለት ለሦስት ተሸንፈው መጡ። ወሬውን ስትሰማ ሳቀች፤ ኋላ ግን መራጮቹ ትዝ አሏትና ሳቋን ተወችው።