የወለሉ ሞቃት ወገን

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ቦክሱን የምትባለው እናት እባብ ሲባል ጫማዋን ጥላ የምትሮጥ ሴት ነበረች። በዚያ በጥር ብርድ፣ በኮሪያ ጋንግዎን አውራጃ፣ ተራራ ላይ ባለችው አሮጌ ቤቷ ውስጥ፣ ቀይ እባብ ታቅፋ «አደራሽን፣ እንዳትሞቺብኝ» እያለች ስታለቅስ ብታዩዋት ምን ትሉ ነበር?

እባቧ የልጇ ናት። ሃንግዮል አንድ ለእናቱ ነው። አባቱ በሞተ በዓመቱ «እማ፣ ታፍኚኛለሽ» ብሎ ከተማ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለበዓል እንኳ ብቅ አላለም። የምን ማፈን ነው? ያላበላችው የለ፣ ያላለበሰችው የለ! ስታስበው ውላ ስታስበው ብታድር ጥፋቷ አልታይ አላት። ታዲያ ለውትድርና ግዳጅ ሲጠራ፣ ሳይታሰብ በሯ ላይ ቆመ። በእጁ የመስታወት ሳጥን ይዟል፤ ሳጥኑ ውስጥ እባብ።

«የምሰጣት ሰው የለኝም እማ። ካሮት ነው ስሟ፣ መርዝ የላትም። ከጠበቅሽልኝ፣ የመጀመሪያ ፈቃዴን ሲሰጡኝ እዚህ ነው የምመጣው።»

እዚህ ነው የምመጣው! ለዚህች ቃል ሲባል እባብ ቀርቶ ዘንዶም ታሳድግ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ ልጁ በሄደ በማግስቱ ሳጥኑን ልትወለውል ስታነሳው ከእጇ አመለጠ። መስታወቱ ደቀቀ፤ ማሞቂያውም አብሮ ተሰናበተ። እባቧ ላይ ማሰሮ ደፍታ ያዘቻትና፣ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ለኪምቺ የምታሽበትን ትልቁን የፕላስቲክ ሳጥን ሦስት ጊዜ በሆምጣጤ አጠበች። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ግን የሚለቅ አይደለም። ክዳኑን በጋለ ሚስማር በሳስታ በገመድ ጠፈረችው።

ልጁ ጽፎ የተወላት ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «አንዱ ጫፍ ይሙቅ፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል፤ ራሷ ትምረጥ። መደበቂያ አድርጊላት። ውሃ አይጥፋ። ክዳኑን እሰሪ።» ለመደበቂያ የተሸረፈ የሩዝ ሳህን ደፋችላት፤ ውሃም አኖረች። ቀዝቀዝ ይበል የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ሳቀች።

«ብርዱ ውጭ ሞልቶ የለም እንዴ? ብርድም ላሰናዳላት ነው?»

በዚያ ቤት እሳቱ የሚነደው ማድቤት ነው፤ ሙቀቱ በወለሉ ሥር አልፎ ክፍሉን ያሞቀዋል። ከምድጃው አጠገብ ያለው ወገን ከሁሉ ይበልጥ ይግላል፤ የወለሉ ወረቀት እዚያ ጋ ተጠብሶ ቡናማ ሆኗል። ያ ቦታ የእንግዳ ነው፣ የሽማግሌ ነው፣ የሚወደድ ልጅ ቦታ ነው። እሷም ካሮትን እዚያው፣ ከልጇ ፍራሽ ጎን አስቀመጠቻት፤ ምድጃው ላይም ሁለት ግንድ ጨመረች። በማግስቱ እባቧ ተንጠራርታ ክዳኑን በአፍንጫዋ ስትገፋ አየች።

«በርዷት ነው!» ብላ ብርድ ልብስ ደረበችላት። እንደገናም ማገደች።

ጎረቤቷ እትዬ ፒልናም ብቅ ብላ ይህን ጉድ አየች።

«የሃንግዮል እናት፣ እባቡን ሞቃቱ ላይ አስተኝተሽ እኔን በሩ ጋ ታስቀምጪኛለሽ?»

«አሟታል እትዬ። አፍንጫዋ ደምቷል።»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አሉ! የሰው ልጅ ውሻ ያሳድጋል፣ ያንቺው ደግሞ…»

«እትዬ፣ በፈጠረሽ ተይኝ! ይቺ ከሞተች ልጄም አይመጣም።»

ፒልናም ከዚያ በኋላ አልቀለደችም።

ዓርብ ዕለት እባቧ መንቀሳቀስ አቆመች። ቦክሱን በበረዶው ሮጣ የከብት ሐኪሙን ጎትታ አመጣችው። ሐኪሙ እባቧን ገልበጥ ቢያደርጋት ሆዷ ከላይ እስከ ታች ተልጧል። መዳፉን ወለሉ ላይ አደረገና ወዲያው አነሳው።

«እናቴ፣ እኛ ሲያቃጥለን ወደ ዳር እንሸሻለን። እሷ በየት ትሽሽ? ክዳኑን የምትገፋው በርዷት መሰለዎት?»

ቦክሱን ብርድ ልብሱን ከሳጥኑ ላይ ገፈፈች። ሐኪሙ ቅባት ሰጣት፤ ተስፋ ግን አልሰጣትም። ቀባቻት፣ ውሃ በጣቷ አንጠባጠበችላት፣ ለመነቻት። ቅዳሜ ጠዋት ካሮት ሽርጧ ላይ ሞተች።

«ከተማ ውረጂና መሳይዋን ግዢ» አለች ፒልናም። «እባብ እባብ ነው፤ ማን ሊለየው?»

ቦክሱን እውነትም ካፖርቷን ደርባ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሄደች። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። እግሯን አነሳች። ሁለት ዓመት ጠብቄው በውሸት ልቀበለው? አለች በሆዷ፤ ተመልሳም አፈሩን በዶማ ፈልፍላ እባቧን ቀበረች።

እሑድ ለምልምል ወታደሮች ስልክ ይሰጣቸዋል። ከቀትር በኋላ ደወለ።

«እማ! ካሮት እንዴት ናት?»

«ገደልኳት።» አለሳልሳ ልትነግረው ነበር፤ አፏ እንቢ አላት። «ሳጥኑን ሰበርኩት፤ ሞቃቱ ወገን አስቀመጥኳት። አንተን የማስተኛህ ቦታ። ተቃጠለችብኝ፣ ልጄ።»



«ክዳኑን ትገፋ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«የበረዳት መስሎኝ… ብርድ ልብስ ደረብኩላት።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ይሳቅ ያልቅስ አልለየላትም።

«እኔም እኮ እየተንከባለልኩ በሩ ጋ እሄድ ነበር። ጎትተሽ ትመልሺኛለሽ። ትደርቢልኛለሽ።»

«ምነው ታዲያ ብትነግረኝ?»

«ነገርኩሽ! ስንቴ ነገርኩሽ! ያቃጥለኛል ስልሽ ‹ዝም በል፣ አባትህ እንኳ ያላገኘው ቦታ ነው› ትይኝ ነበር።»

አስቤልህ ነው ልትል አፏን ከፈተች። የእባቧ ሆድ ፊቷ ላይ ድቅን አለባትና ቃሉን ዋጠችው።

«ፈቃድ ሲሰጡህስ…»

«ሰዓቴ አልቋል እማ» አለ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ይምጣ አይምጣ አላወቀችም።  የልጇ ፍራሽ ሞቃቱ ወገን ላይ እንደተነጠፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቢመጣ እንዲሞቀው ብላ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም። ተነሳችና ጠቅልላ በሩ ጋ ወስዳ ዘረጋችው። ከዚያም ገና ሳይመሽ፣ ከነካፖርቷ፣ ራሷ ተኛችበት። ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ ብርዱን ጠበቀች።

ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አልበረዳትም።